አሮጌው ገበታ ስንት ያወጣል?

በዚህ ጋዜጣ ላይ ዘወትር የሚነበበው ስለ ኑግና ስለ ሰሊጥ፥ ስለ በርበሬና ስለ በቆሎ ዋጋ፥ ስለ ባንክ ምንዛሪና ስለ መኪና ኪራይ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እኔም በፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ የእህልና የሸቀጥ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት ሳገለግል ሃያ ዓመት ያለፈኝ ስሆን፥ ከደብዳቤና ከሒሳብ መዝገብ በቀር ሌላ ነገር ለመጻፍ ብዕር አነሣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ነገር ግን አንድ የእንጨት ገበታ ያመጣብኝ ኀፍረት ዝም እንዳልል አድርጎኛልና፥ ክቡራን አንባብያን፥ አስመጪውም ላኪውም ባለ ሱቁም፥ ጥቂት ጊዜ እንዲሰጡኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጋዘናችን ውስጥ ከአሠሪዬ እናት ቤት የመጣ፥ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ ሰፊ ገበታ ነበረ። ቀድሞ በድግስ ጊዜ እንጀራ ይቀርብበት እንደ ነበረ ይነገራል፤ ወደ እኛ ከመጣ በኋላ ግን የኑግ ናሙና ማሳያ፥ አንዳንድ ጊዜም የምስማር ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። ጠርዙ በአንድ ቦታ ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቷል፤ መካከሉ ከእጅ ብዛት ለስልሶ እንደ አሮጌ ቆዳ ያብለጨልጫል፤ ጀርባው ደግሞ በምድጃ ጢስ ጠቁሯል። በ2014 ዓ.ም. ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፥ አሮጌ የቤት ዕቃ እየገዛ ለአዲስ አበባ ሱቆችና ለውጭ አገር ሰዎች የሚሸጥ አንድ ወጣት ነጋዴ ለሌላ ጉዳይ ወደ መጋዘናችን ገብቶ ይህን ገበታ አየ። ምስማሩን አፍስሶ፥ ገልብጦ መረመረውና አራት ሺህ ብር እንደሚሰጥበት ተናገረ። አሠሪዬ የቀለደ መስሏቸው ሣቁ። ሰውየው ግን የሚቀልድ አልነበረም፤ ቡሬ ደርሶ ሲመለስ እንደሚወስደው ነግሮን ሄደ።

እኔም በልቤ፥ እንዲህ ያለ ዋጋ ለሚከፍል ሰው ቆሻሻ ዕቃ ማስረከብ ነውር ነው ብዬ አሰብሁ። ማንም ሳያዘኝ ገበታውን ወደ አናጢ ወሰድሁት። አናጢው ጢሱን በመላጊያ ላገው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ የተሰፋበትን ሽቦ ነቅሎ ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ ደፈነው፤ ከዚያም ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባው። መቶ ሃምሳ ብር ከገዛ ኪሴ ከፈልሁ። ሰውየው በአምስተኛው ቀን ሲመለስ ገበታውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «ጋሼ፥ ምነው ገደላችሁት?» አለኝ። አራት ሺህ ብሩም በዚያው ቀረ። እንዳይከፋን ብሎ ሦስት መቶ ብር ልስጥ ቢል አሠሪዬ አልፈቀዱም። ለእኔ የተናገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጸሐፊው፥ የማያውቁትን ዕቃ መተመን ብቻ ሳይሆን ማጠብም አይገባም» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ፥ ያ ሰው አራት ሺህ ብር ሊከፍል የነበረው ለምኑ ይሆን? የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ነሣኝ። ለእንጨቱ እንዳልል ዋንዛ ዛሬም ይገኛል። ለጥርቡ እንዳልል ከዚያ አሳምሮ የሚጠርብ ሰው በከተማችን አለ። ዋጋው የተሰጠው እኔ በመቶ ሃምሳ ብር አስፍቄ ለጣልሁት ነገር ነበር፤ ለጢሱ፥ ለስንጥቁ፥ ለሽቦው ስፌትና እጅ እየነካው ለለሰለሰው ገጽ። ከገበያ የማይገኘው እርሱ ብቻ ነበርና።

እንዲህ ላለው ነገር ያላቸውን ፍቅር ጃፓኖች ስም አውጥተውለታል፤ «ዋቢ ሳቢ» ይሉታል። ዋቢ የሚሉት ጌጥ ያልበዛበትን፥ ጭምት የሆነውን የድኻ ቤት ውበት ሲሆን፥ ሳቢ የሚሉት ደግሞ ዕድሜና አገልግሎት በዕቃ ላይ የሚያመጡትን ውበት ነው። (ቃሉ በአጋጣሚ ከእኛ ቋንቋ ጋር ቢገጥም አስገርሞኛል። በእኛ ዘንድ ዋቢ ማለት ምስክር፥ ዋስ ማለት ነው፤ ሳቢ ማለትም የሚስብ ማለት ነው። በዕቃው ላይ ያለው የእጅ ምልክት ለዕቃው ዋቢ ነው፤ ገዥውን የሚስበውም እርሱ ነው። ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ትርጓሜ አያስፈልገውም።) በ1591 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያረፈው ሴን ኖ ሪኪዩ የተባለው የሻይ ሥርዐት መምህር፥ ባለጸጎቹ ከቻይና ያስመጡት የነበረውን የተወለወለ ዕቃ ወደ ጎን ትቶ ሸካራ የሸክላ ጽዋና ከቀርከሃ የተሠራ ዕቃ ለሻይ ማቅረቢያ መረጠ። የዚያ አገር ሰዎች የተሰበረ የሸክላ ጽዋ ሲጠግኑ ስብራቱን የማይደብቁበት ብልሃት አላቸው፤ በዛፍ ሙጫ አጣብቀው ስንጥቁን በወርቅ ዱቄት ያስጌጡታል።

በኪዮቶ ከተማ ዳይቶኩጂ በሚባለው ገዳም ክልል ውስጥ ኪዛኤሞን የተባለ አንድ የሻይ ጽዋ ይጠበቃል። የጃፓን መንግሥት የአገር ሀብት ብሎ መዝግቦታል፤ ነገር ግን የተሠራው በጃፓን አይደለም። ስሙ ያልታወቀ የኮርያ ሸክላ ሠሪ የሠራው ነው። ያናጊ ሶኤትሱ የተባለው ጃፓናዊ ሊቅ እንደ ጻፈው ከሆነ፥ ጽዋው በመጀመሪያ የድኻ ሰው የምግብ ሳህን ነበር። ይኸው ያናጊ በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቶኪዮ ከተማ የተራውን ሕዝብ የእጅ ሥራ ብቻ የሚያሳይ ሙዚየም አቋቁሟል። ከቤተ መንግሥት የወጣ ወርቅና ሐር ሳይሆን፥ የገበሬ ቤት ሳህን፥ ቅርጫትና ጨርቅ መስተዋት ውስጥ ገብቶ ይታያል ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የአያቴ ቅል ነው። ባገራችን የወተት ቅል ሲሰነጠቅ አይጣልም፤ በወስፌ እየበሱ በጅማት ይሰፉታል። ስፌቱ በቅሉ ሆድ ላይ እንደ ጠባሳ ተጋድሞ ይታያል፤ ቅሉም ብዙ ዘመን ያገለግላል። ገንቦም እንዲሁ ነው። አፉ ሲረግፍ የእህል ማኖሪያ ይሆናል፤ ፈጽሞ ሲሰበር ገሉ ከጎረቤት ፍም ማምጫና ዕጣን ማጨሻ ይሆናል። ያው ብልሃት ከጃፓኖቹ ዘንድ በወርቅ፥ ከእኛ ዘንድ በጅማት ተሠርቷል። እውነቱን ለመናገር ግን አያቴ የተሰፋውን ቅል በእንግዳ ፊት አታወጣም ነበር። ለእንግዳ የሚቀርበው ያልተሰነጠቀው ነው፤ የተሰፋው የጓዳ ነው። እኛ ከችግር የተነሣ የጠገንነውንና ያፈርንበትን ሌላው ሰው ፈልጎ ይገዛዋል። ንግድ ደግሞ የሚጀምረው እንዲህ ካለው ልዩነት ነውና፥ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም።

አሁን ወደ ልዋጭ ልመለስ። በየመንደሩ ሳፋና ጆግ፥ ባልዲና የሻይ ፔርሙስ ተሸክመው «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያሉ የሚዞሩትን ልጆች የማያውቅ የለም። ቀድሞ የሚለውጡት አሮጌ ልብስ፥ የተቀደደ ጫማና የተሰበረ ብረታ ብረት ነበር። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የቀንድ ዋንጫ፥ ገበታ፥ በርጩማ፥ ብርኩማ፥ ቆዳ የተለበጠ አገልግል፥ የአለላ ሙዳይ፥ አሮጌ ዝተትና በርኖስ ሳይቀር ይለውጣሉ። ከጅጋና ከማንኩሳ ገጠር፥ ከደንበጫ ወዲህ ካለው ደጋ፥ ከቡሬ በታች ካለው ቆላ ዕቃው እየተለቀመ ይወጣል። (ማንኩሳን ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ እኛ ግን የምናውቃት በእህሏ ነው።) ቡሬ የወለጋውና የባሕር ዳሩ መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ስለ ሆነች፥ የተለቀመው ዕቃ እዚያ ይጠራቀምና በእህል መኪና ላይ በጆንያ ታስሮ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ለእነዚህ ልጆች ፕላስቲኩን በጅምላ የሚያከፋፍለው ማን እንደ ሆነ ብጠየቅ መልሱን አላጣውም፤ እኛ ነን። ደረሰኙን የጻፍሁትም እኔ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. አንድ መካከለኛ ሳፋ ከመጋዘናችን በመቶ ሰማንያ ብር ይወጣ ነበር። አንድ ልጅ በዚያ ሳፋ ሁለት የቀንድ ዋንጫና አንድ አገልግል ለውጦ ሲመለስ አየሁት። በቡሬ ለአጠራቃሚው በስምንት መቶ ብር ሸጠው። በዚያው ዓመት ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ ሳለሁ፥ በቸርችል ጎዳና ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች በአንዱ ከዚያ የማይሻል አንድ ዋንጫ ብቻውን ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ተለጥፎበት ተመለከትሁ። ሴትዮዋ የደረሳት ሳፋ ነው፤ እርሱም በሁለተኛው ዓመት ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም በጅማት አይሰፋም።

እዚህ ላይ እንዳልሳሳት እፈልጋለሁ። ፕላስቲክ ረክሶ ስለ ገባ ብቻ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። በእንስራ ውኃ የተሸከመች ሴት ባዶው እንስራ ራሱ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለች። ጀሪካን ሲመጣ ከእናቶቻችን ጀርባ ላይ የወረደው ሸክም ቀላል አይደለም፤ እንስራው ስለሚያምር ብቻ ወደ እርሱ ተመለሱ የሚላቸው ሰው አስቀድሞ ራሱ ከምንጭ አንድ ጊዜ ይቅዳ። ቅሬታዬ በለውጡ ላይ አይደለም። ቅሬታዬ ከሁለቱ ተለዋዋጮች አንዱ ዋጋውን የሚያውቅ፥ ሌላው የማያውቅ በመሆኑ ነው። በእህል ገበያ እንዲህ ቢደረግ ሚዛን ሰረቀ ይባላል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ጸጥታ በመታወኩ ነገሩ ብሷል። መንገድ ሲዘጋ፥ ገበያ ሲቀር፥ ማዳበሪያና ዘይት ሲወደድ፥ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚሸጠው በየቀኑ የማይገለገልበትን ዕቃ ነው። በሌላ በኩል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ፥ በዶላር የሚገዛ ሰው በአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሻጩ ሲቸገር ገዥው የበረታበት ጊዜ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ የሚወጣው ዕቃ ተመልሶ አይመጣም።

የሰው ቤት ዕቃ እንዲህ ሲሆን፥ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ከልዋጭ ልጆች አንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ገባና፥ «ጋሼ፥ ይህ ስንት ያወጣል?» አለኝ። ስፈታው አሮጌ የእጅ መስቀል ነው፤ ከመሳለም ብዛት የመካከሉ ቅርጽ ተፍቆ ሊጠፋ ደርሷል። ዋቢ ሳቢ ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ አይገኝም። አሠሪዬ ገና ሲያዩት ከወንበራቸው ተነሡ። ልጁን አልጮኹበትም፤ ሻይ አዘዙለትና ከየት እንዳገኘው ቀስ ብለው ጠየቁት፤ ያን ዕለትም የደብሩን ቄሰ ገበዝ አስጠርተው በምስክር ፊት አስረከቡ። ልጁ ለመስቀሉ የሰጠው ሁለት ባልዲ ነበር። ሁለቱን ባልዲ እኛ ተካንለት፤ በመዝገቡም ላይ «ወጪ» ብዬ ጻፍሁት።

ይህን ያህል የተጨነቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም «አፍሮ አይገባ» የተባለው ታላቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ፥ ከብዙ ፍለጋ በኋላ በአንድ የቤልጅግ አገር ዕቃ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ነው። ያን መስቀል የሚያህል ዕቃ ከላሊበላ እስከ አውሮፓ የሄደው በክንፉ በርሮ አይደለም። በመንገድ ላይ ያጓጓዘው፥ ያሳደረው፥ የጠቀለለው፥ የሸጠው ሰው አለ፤ ከእነዚህም መካከል ራሱን ነጋዴ ብሎ የሚጠራ አይጠፋም። ሕጉ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የጥንታዊ ቅርሶች ዐዋጅ ቁጥር 229 ወጥቶ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበት የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። ማንኛውም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ላኪ የሆነ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። የሚልከው አገልግል ወይም በርጩማ ከቅርስ ይቈጠር አይቈጠር ዕቃውን ከመጫኑ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ወይም የዞኑን የባህልና ቱሪዝም መምሪያ ጠይቆ ወረቀት ይያዝ። ወረቀት የሌለው ዕቃ ቦሌ ላይ ሲያዝ የሚጠፋው የአንዱ ነጋዴ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከጎጃም የሚላክ ቅርጫት ሁሉ ይጠረጠራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጨርሶ ይከልከል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እነዚህ ሰዎች ገበሬው የገዛ ቤቱን በርጩማ እንዳይሸጥ ሲፈርዱበት፥ ለዚያ በርጩማ ምትክ የሚሆነውን ወንበር የሚገዙለት አይመስለኝም። የለም ገበያ ነው፥ የፈለገ ይግዛ የሚሉም አሉ፤ አሠሪዬ ቀድሞ ከእነዚህ ወገን ነበሩ። «ነጋዴ የሚሸጠው የተጠየቀውን ነው» ይሉ ነበር። እኔ በበኩሌ የማስበው፥ አሮጌው ዕቃ ውሱን ነው፤ አንድ ቀን ያልቃል፤ የማያልቀው ግን ዕቃውን የሚሠራው እጅ ነው፤ ነጋዴም ዐይኑን መጣል ያለበት በዚህኛው ላይ ነው።

ስለዚህ እጅ ግን ያለን ታሪክ የሚያኰራ አይደለም። ገንቦውን እየወደድን ሸክላ ሠሪዋን ስንንቅ፥ ማረሻውን እየፈለግን ቀጥቃጩን ቡዳ ስንል፥ በጀንዲው እየተኛን ፋቂውን ስናርቅ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት አልፎም ከቡሬ መንገድ ዳር ጀበና የምትሸጥ አንዲት እናት ልጇ ሙያዋን እንዳይማር የምትፈልግበትን ምክንያት ስትነግረኝ፥ «እኔ የለመድሁትን ስድብ እሱ አይልመደው ብዬ ነው» አለችኝ። ጀበናዋን የገዛሁት በሰባ ብር ነው። ተከራክሬ ነበር፤ ሰማንያ ብላኝ ነበርና። ይህንንም ስጽፍ አፍራለሁ።

ይህችን ጀበና ያሠራር ዐዋቂ ቢመለከታት የሚደነቅባት ብዙ ነገር አላት። ያለ ማሽከርከሪያ፥ በእጅ ብቻ እየተገነባች የወጣች ናት፤ በሜዳ ላይ በጭድና በኩበት ተተኩሳ ነበልባሉ የነካት ጎን ቀላ፥ ጢሱ የነካት ጎን ጠቆረ። ሁለት ጀበና ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። እኛ ባለ ሱቆች ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ፔርሙስ በካርቶን መቀበል ስለ ለመድን ይህን እንደ ጉድለት እንቈጥረዋለን፤ ዋቢ ሳቢ የሚወድ ደንበኛ ግን ገንዘብ የሚከፍለው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ላኪዎቻችን ናሙና ሲልኩ ለገዥው አስቀድመው ሊያስታውቁት ይገባል፤ ሃምሳ ጀበና ቢያዝ ሃምሳ መልክ ይመጣለታል። ሸክላው እንዳይሰበር በጭድ ተሞልቶ በእንጨት ሣጥን ይታሸግ። የስንደዶና የአክርማ ስፌትም ነቀዝ እንዳይገባበት አስቀድሞ በፀሓይ በደንብ ይድረቅ፤ ገዥው አገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነም ይህን ቀድሞ ማጣራት ከወደብ ላይ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋኝ ማስመሰል ነው። አሮጌ ዕቃ ዋጋ አወጣ ሲባል አዲሱን የሚያስረጁ ተነሥተዋል። ትናንት የተጠረበ በርጩማ በምድጃ ላይ ሰቅለው ጢስ ያጠግቡታል፤ አዲስ መስቀል በእርጥብ አፈር ቀብረው ያዝጉታል፤ ደህናውን ገበታ ሆን ብለው ሰንጥቀው በሽቦ ይሰፉታል። እኔ አሮጌውን አዲስ በማድረግ አራት ሺህ ብር አጠፋሁ፤ እነርሱ አዲሱን አሮጌ በማድረግ ስማችንን ያጠፋሉ። የውጭ ገዥ አንድ ጊዜ ከተታለለ እውነተኛውንም አያምንም። በቅቤ ውስጥ ሙዝ የደባለቁ ሰዎች የቅቤን ገበያ ምን እንዳደረጉት ስለምናውቅ፥ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም።

ለዚህ የሚረዳ አንድ ቀላል ነገር አለ፤ እርሱም መዝገብ ነው። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፥ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የጎበኘ ሰው መሶቡን፥ ብርኩማውን፥ ሙዳዩንና ዋንጫውን በመስተዋት ውስጥ ሆኖ አይቶታል። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት፥ የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኀላፊ ደግሞ ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ የተባሉ ፖላንዳዊ ነበሩ። ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች የእኛን ሙዳይ ሲያከብሩ እኛ በሳፋ መለወጣችን የሚያስተዛዝብ ነው። ሙዳዩን ከሱቅ ሸቀጥ የሚለየውም ከየት እንደ መጣና ለምን ያገለግል እንደ ነበረ መታወቁ ነው።

አሠሪዬን ይህን ሳዋያቸው መጀመሪያ፥ «ልዋጭ የሚያዞር ልጅ መዝገብ ሊጽፍ?» ብለው ነበር። ኋላ ግን ሐሳባቸውን አሻሻሉ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ፕላስቲክ በዱቤ የሚወስዱ ስድስት ልጆች አሮጌ የቤት ዕቃ ሲገዙ ትንሽ ካርድ እንዲሞሉ ተስማምተናል። ካርዱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ የዕቃው ስም፥ ቀበሌው፥ ከምን እንደ ተሠራ፥ ለምን ያገለግል እንደ ነበረ፥ ለባለቤቱ የተከፈለው ገንዘብ። በልዋጭ ሳይሆን በብር እንዲገዙም አድርገናል፤ ሴትዮዋ ሳፋ ከፈለገች ብሩን ተቀብላ ሳፋውን ለብቻው ትገዛለች። ዕቃው ሲሸጥ ከትርፉ ከአራት አንዱ እጅ ለባለቤቷ እንዲመለስላት ስሟ በእኛ መዝገብ ይቀመጣል፤ በካርዱ ላይ ግን አይጻፍም። እስካሁን አሥራ አንድ ዕቃ ገብቷል። ከእነዚህ ሦስቱ ብቻ ተሸጠዋልና ትርፉ ገና የሚወራ አይደለም። ከልጆቹም አንዱ ካርዱ አሰልችቶት ወደ ሌላ ጅምላ አከፋፋይ ሄዷል። ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው፤ ካርዱን የሚጠይቀው አንድ መጋዘን ብቻ ከሆነ ልጆቹ የሚያልፉት ወደማይጠይቀው ነው። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ጅምላ ነጋዴዎች ቢስማሙ፥ የንግድ ምክር ቤቱም የካርዱን ቅጽ አንድ ዓይነት አድርጎ ቢያሳትም፥ ወጪው ከአንድ ሬም ወረቀት አይበልጥም።

ከካርዶቹ አንዱን ለናሙና እገለብጣለሁ፤ የጻፈው አሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ነው። «ዋንጫ፥ ከበሬ ቀንድ። ከማንኩሳ በላይ። ሴትዮዋ ለአባቷ ጠላ ትቀዳበት ነበር። ከንፈሩ አንድ ቦታ ጎድሏል፤ የጎደለው በእሳቸው ጥርስ ነው ብላለች። አላጠብሁትም።» አሠሪዬ ይህን ካነበቡ በኋላ ዋንጫውን አንሸጥም አሉ፤ ከዚያም ደግሞ እንሸጠው፥ ግን ከካርዱ ጋር ይሁን አሉ።

የእኔ ገበታ ገዥ አላገኘም። በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ የደረሰኝ ጉርድ ማኖሪያ ሆኗል። ደረሰኝ ባነሣሁ ቍጥር እጄ የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ቫርኒሹ መላጥ ጀምሯል።